የግንዱ የኋላ ጫፍ

ባለቤቴ ስለ ዝምታ ስልሳ አራት ገጽ ጽፏል። ጽፎ ቢተወው ባልከፋኝ። ቁርስ ላይ ያነብልኛል፣ ምሳ ላይ ያብራራልኛል፣ ጥርሱን ሲቦርሽ እንኳ የመታጠቢያ ቤቱን በር ከፍቶ "ቃል እኮ ነው ሰውን ከሰው ያራራቀው!" ይላል፣ አፉ አረፋ እንደሞላ። እኔ ዝም አይነቅዝም እየተባልኩ ያደግሁ ሰው ነኝና ራሴን እነቀንቃለሁ። ዝምታን በተመለከተ ከሁለታችን ተግባራዊ ሥልጠና ያለኝ እኔ ነኝ።

ስልሳ አራቱ ገጽ የአንድ ጨዋታ እቅድ ነው። ጨዋታው "ማዶ" ይባላል። በኢንተርኔት ነው የሚጫወቱት፤ የማይተዋወቁ ሰዎች ከያሉበት ሆነው አንድ ሸለቆ ውስጥ ይገናኛሉ። መገዳደል የለም፣ ነጥብ የለም፣ ስም የለም። ከሁሉ በላይ ንግግር የለም፤ መጻፍም መናገርም ክልክል ነው። ሁለት ሁለት ሆነው አንድ ረጅም ግንድ ይሸከሙና በገደል አፋፍ በሚያልፍ ጠባብ መንገድ ወንዝ ድረስ ያደርሱታል፤ እዚያ እንደ ድልድይ አጋድመውት ይሻገራሉ። ፊተኛው መንገዱን ያያል። ኋለኛው የሚታየው ግንዱና የፊተኛው ጀርባ ብቻ ነው። እርምጃቸው ከተዛባ ግንዱ ገደል ይገባል፣ እነሱም እንደገና ከሀ ይጀምራሉ። ለመግባባት የተፈቀዱላቸው አራት ነገሮች ናቸው፦ መጠቆም፣ ራስ መነቅነቅ፣ ቆሞ ወደ ኋላ መዞር፣ እጅ ማንሳት። እጅ ማንሳት "ቆይ" ማለት ነው።

"እንዲህ ያለ ጨዋታ ዓለም አይቶ አያውቅም" ይላል ባለቤቴ። እውነቱን ነው። ዓለምም ጠይቆ አያውቅም።

ቢሯችን ሳሎናችን ነው። ሶፋው በረንዳ ላይ ከወጣ ሁለት ዓመት ሆነው፤ ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቁበት ከርሞ አሁን የርግብ ነው። በቦታው አራት ጠረጴዛ ገብቷል። የባለቤቴ መስኮቱ ሥር ነው፣ ራእይ ብርሃን ይፈልጋል ተብሎ። ቀጥሎ ሰዓሊው አለ፤ የባለቤቴ አብሮ አደግ ነው፣ በሩን በጎኑ ካልሆነ የማያልፍ ግዙፍ ሰው፣ በሁለት ዓመት ሠላሳ አንድ ዓይነት ድንጋይ የሳለ። ከእሱ ጎን የድምፅ ባለሙያችን ትቀመጣለች፤ ከኮሌጅ ስትወጣ የያዝናት ልጅ ናት፣ የጆሮ ማዳመጫ ከራሷ ስለማይወርድ "ጆሮ" ብለን ስም አውጥተንላታል። አራተኛው ጠረጴዛ የእኔ ነው፣ ወጥ ቤቱ በር ጀርባ። የእኔ ሥራ ሰርቨሩ ነው፤ ተጫዋቾቹን ሁሉ አንድ ላይ የሚያገናኘውና ያደረጉትን እያንዳንዱን ነገር የሚመዘግበው ማሽን። ሰርቨር ከወደቀ ሁሉም ሰው ይጮኻል። ካልወደቀ መኖሩን የሚያስታውስ የለም። እንደ ቤት ሥራ በሉት።

አማቴ አርብ አርብ ብቅ ትላለች። ጡረታ የወጣች ነርስ ናት፣ በሽተኛ ስትመረምር እንደኖረች አራታችንንም ከበሩ ላይ ቆማ ታየናለች። አንድ ቀን ወደ ወጥ ቤት ጠራችኝ።

"ልጄ፣ ይሄ ነገር ሳይነጋገሩ ነው የሚጫወቱት?"

"አዎ እማማ።"

"እሱማ ኩርፊያ ይባላል። ከአባቱ ጋር ሃያ ዓመት ተጫውተነዋል። ማዶ የደረሰ የለም።"

አሁን ስለ ደብዳቤው ልናገር። አንድ የኢንሹራንስ ድርጅት የኮምፒውተር ክፍሉን እንድመራለት ፈልጎኛል። በር ያለው ክፍል አለው፤ በሩ ይዘጋል። የሚሽከረከር ወንበር አለው። ሥሬ ስድስት ሰው አለ፣ ከስድስቱ አንዱም ስለ ዝምታ አልጻፈም። መልሴን እስከ ሰኞ ስድስት ሰዓት እንዳሳውቃቸው ነው የጠየቁት። ደብዳቤውን አትሜ ባለቤቴ ኪቦርድ ላይ አስቀመጥኩት፣ ሌላ ቦታ ባስቀምጠው ስለማያየው።

"ቅዳሜ ጨዋታውን ለሰው እንከፍተዋለን አይደል?" አልኩት። "ሰው ከተሻገረ እቀራለሁ። ካልተሻገረ እመጣለሁ ብዬ እጽፍላቸዋለሁ።"

"ይሻገራሉ" አለና ደብዳቤውን ወደ ጎን አደረገው። እኔ ከሄድኩ ሰርቨሩን ማን ይይዘዋል ብሎ አልጠየቀም። እኔ ከሄድኩ ማን የት ይሆናል ብሎም አልጠየቀም። ላም አለኝ በሰማይ ያለ ሰው የምታልባት ማን እንደሆነች አያሳስበውም።

ለነገሩ የሚተማመንበት ነበረው። በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ሥራ እናቆምና አራታችንም ገብተን ጨዋታውን እንሞክራለን። ሰዓሊው ከጆሮ ጋር፣ እኔ ከባለቤቴ ጋር። እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፤ ማን ደለደለን አትበሉኝ፣ እንዲሁ ነበር። ያቺ ሰዓት የቤቱ ሁሉ ደስታ ነበረች። ሳሎኑ ይናወጣል፤ ጎረቤት ሁለት ጊዜ ግድግዳ ደብድቦብናል። አማካይ የመሻገሪያ ጊዜያችን አራት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ነው። ባለቤቴ ግድግዳው ላይ ባለው ነጭ ሰሌዳ "የተሳካ፦ ዘጠና ስምንት በመቶ" ብሎ በቀይ ጽፎ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምሮበታል። ሁለቱ በመቶ እኔ ሳስነጥስ ነው አለ።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ተከፈተ። የተመዘገበው ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰው እንዳለ ገባ። ሰርቨሩ ንቅንቅ አላለም፤ ይህን የምናገረው ሌላ የሚናገርልኝ ስለሌለ ነው። እኛ ከላይ ሆነን ሸለቆውን በሙሉ ማየት እንችል ነበር፣ አየንም። አንዱ ለድንጋይ ራሱን ይነቀንቃል። አንዱ ግንዱን ለብቻው ሊያነሳ አርባ ደቂቃ ታገለ። ሁለት ሰዎች ግንድ ተሸክመው አንዲት ዛፍ ሲዞሩ አረፈዱ፤ ፊተኛው የኋለኛውን ሐሳብ ይጠብቃል፣ ኋለኛው ፊተኛው የሚያውቀው ነገር አለ ብሎ ይከተላል። ብዙ መሥሪያ ቤት እንዲህ ሲሠራ አይቻለሁ። ከሁሉ የባሰው እጁን አንስቶ፣ ተናዶ ይሁን ምሳ ደርሶበት፣ ኮምፒውተሩን ትቶ የሄደው ሰው ነው። ምስሉ አፋፉ ላይ እጁን እንዳነሳ ቀረ፤ የሚያልፈው ሁሉ እሱን እያየ ይቆማል፣ ይጠብቃል፣ ይጠብቃል፣ ከዚያ ይወጣል።

ስድስት ሰዓት ላይ ስልሳ ሰው ቀረ። አሥር ሰዓት ላይ ዘጠኝ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስንዘጋ ማዶ የደረሰ ሰው አልነበረም። አንድም።

"ሕዝቡ ገና አልበሰለም" አለ ባለቤቴ። የበሰልነው እኛ ነን እንግዲህ፣ ያውም እስክናር ድረስ።

እሑድ ተሰብስበን ጥፋቱን ፍለጋ ገባን። የአብዬን ወደ እምዬ እንደሚባለው ሆነ። ባለቤቴ ድንጋዮቹ ጨልመው ሰው መንገዱን አላየውም አለ። ሠላሳ አንዱን ድንጋይ እንደ ልጆቹ የሚወደው ሰዓሊ ቀላ፣ ከዚያ ወደ ጎኑ ዞረና "የወንዙ ድምፅ ነው" አለ። "ሲያገሳ ሰው ያስደነግጣል።"

ጆሮ የጆሮ ማዳመጫዋን አወለቀች። በሁለት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ጆሮዋን አየን።

"የእኔ ወንዝ ምንም አልሆነም!" አለች። "የሚያስደነግጠው የእናንተ ጩኸት ነው። በሙከራ ሰዓት ጨዋታው በድምፅ ማጉያ ሲለቀቅ ምን እንደሚመስል በየቀኑ እቀዳለሁ። አንድ ደቂቃ ንጹህ ወንዝ ማግኘት አቅቶኛል፣ ጋሼ። ላሰማችሁ?"

ምን እንደምታሰማን ሳንጠይቅ ራሷ ከፈተችው። ወንዙ ከሩቅ፣ በጣም ከሩቅ ይሰማል። ከቅርብ ደግሞ የባለቤቴ ድምፅ።

"ቀኝ! ቀኝ በይ እንጂ ሴትዮ! ቀስ… ቀስ… አሁን ፈጠን! ቁሚ! ቁሚ አልኩ!"

"ቆሜያለሁ እኮ!" ይህቺ እኔ ነኝ።

"አንቺ ልጅ፣ ድንጋዩን በግራ! በግራ!" ይሄ ሰዓሊው።

"እሺ እሺ፣ ቆይ አትሂድ!" ራሷ ጆሮ።

ዘጋችው። ንግግር የሌለበትን ጨዋታ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በየቀኑ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠን እየተጯጯህን ነው የሞከርነው። ዘጠና ስምንት በመቶ የተሳካው ጩኸታችን ነው። አራት የተማሩ ሰዎች ነን፤ አንዳችን ሰርቨር እንሠራለን፣ አንዳችን ስልሳ አራት ገጽ እንጽፋለን፣ ግድግዳ የሚደበድበው ጎረቤት ብቻ ነበር የገባው።

"ይሄ… የሙከራ ቋንቋ ነው" አለ ባለቤቴ። ሰዓሊው ሳል ያዘው። ጆሮ ማዳመጫዋን መልሳ አጠለቀች።

ሰኞ ጠዋት ኢሜይሉን ጻፍኩ። ጨዋነት በተሞላበት ሁለት መስመር እንደምመጣ ገለጽኩ። ልልከው ስል ባለቤቴ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ፂሙን አልተላጨም፣ እኔን ግን ያየኛል።

"አንድ ጊዜ ብቻ" አለ። "እኔና አንቺ እንሞክረው። እኔ ሳሎን፣ አንቺ መኝታ ቤት፣ በሩ ተዘግቶ። እውነተኛ ሙከራ። እስከ ስድስት ሰዓት ከተሻገርን ትቀሪያለሽ።"

"ካልተሻገርንስ?"

"ዘጠኝ ዓመት በትዳር የኖርን ሰዎች ነን። እንዴት አንሻገርም?"

በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ። እሺ አልኩት። ኮምፒውተሬን ልብስ መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁ፣ ሽቦውን በበሩ ሥር አሳለፍኩ፣ በሩን ዘጋሁ። ሦስት ሰዓት ተኩል ነበር።

ሸለቆው ውስጥ ስንገናኝ ምንም ሳይል፣ ምን ሊል ይችላል፣ ሄዶ የግንዱን ፊት አነሳ። እኔም ኋላውን። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። የግንዱ ቅርፊትና የባለቤቴ ምስል ጀርባ፤ ይኸው ነው የእኔ ሸለቆ። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ወደ ቀኝ ዞረ፣ እኔ ወደ ግራ ሄድኩ፣ ግንዱ ገደል ገባ። በበሩ በኩል "ኤጭ!" ሲል ሰማሁት። ግድግዳውን ደበደብኩ፤ ለካ ጎረቤታችን እንዲህ ደስ ይለው ኖሯል። እንደገና ጀመርን። ወደቅን። እንደገና። ወደቅን። አንድ ጊዜ በደንብ ርቀን ሄድንና "አሁንማ" ስል በድንገት ሮጠ፤ ምን እንዳየ እንጃ፣ እኔ ጀርባ ነው የማየው። ወደቅን። አምስት ሰዓት ሲሞላ ዘጠኝ ግንድ ገደል ከተናል።

እሱ ዐሥረኛውን ግንድ ሲጠብቅ የሰርቨሩን መዝገብ ከፈትኩ። ነገረኛ ስለሆንኩ ነው፤ አላፍርበትም። ማን፣ መቼ፣ የትኛውን እንቅስቃሴ እንዳደረገ ሁሉም እዚያ አለ። የባለቤቴን አወጣሁ። ሁለት ዓመት፣ አንድ ሺህ አራት መቶ ስድስት ጉዞ። ጠቆመ፦ ብዙ ሺህ ጊዜ። ራሱን ነቀነቀ፦ ጥቂት። ወደ ኋላ ዞረ፦ ዜሮ።

ስልሳ አራት ገጽ የጻፈ ሰው፣ ራሱ የፈለሰመውን መዞር፣ ዜሮ! ልቤ በደስታ ዘለለ። ይሄን ቁጥር አትሜ ደብዳቤው በነበረበት ኪቦርዱ ላይ ሳስቀምጥለት ታየኝ። አማቴን ስጠራት ታየኝ። ከዚያ ዓይኔ ወደ ቀጣዩ መስመር ወረደ፣ ወደ ራሴ።

እጅ አነሳች፦ ዜሮ።

ደጋግሜ አየሁት። ማሽኑን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ አይሳሳትም። አንድ ሺህ አራት መቶ ስድስት ጊዜ ስጎተት አንድ ቀን "ቆይ" አላልኩም። አፌማ ሥራ ፈትቶ አያውቅም፤ ለሳህን ማጠቢያው ተናግሬያለሁ፣ ለአማቴ ተናግሬያለሁ፣ ይኸው ለእናንተም እየተናገርኩ ነው። ለእሱ ግን አልተናገርኩም። ቀልድ ጣል አደርግና እከተላለሁ። አፈርኩ። እስከ ጆሮዬ ድረስ ሞቀኝ።

ዐሥረኛውን ግንድ አነሳን። መታጠፊያው ላይ ቆምኩና እጄን አነሳሁ። እሱ ቀጠለ፣ ግንዱ ወደቀ። ዐሥራ አንደኛው ላይ አነሳሁ፣ ወደቀ። እንዲህ እንዲህ እያለ ስድስት ጊዜ አነሳሁ፣ ስድስት ጊዜ ወደቀ። ሳሎን ውስጥ ወንበሩ ሲንቋቋ ይሰማኛል። ተነስቼ በሩን በርግጄ "ዙር እንጂ አንተ ሰው!" ብለው በአንድ ሰከንድ ያልቅ ነበር። ከንፈሬን ነክሼ ተቀመጥኩ።

ሰባተኛው ላይ አንድ እርምጃ ሄደና ግንዱ ሲጎትተው ቆመ። ቆመ እንጂ አልዞረም። ሰዓቱን አላየሁም፣ ግን ረጅም ነበር። ከሳሎን ምንም አይሰማም።

ከዚያ ዞረ።

ፊቱን አይቼው አላውቅም ነበር። ሰዓሊው ለእያንዳንዱ ምስል ፊት ሠርቷል፣ የባለቤቴ ግን በሁለት ዓመት አንድ ቀን ወደ እኔ ዞሮ አያውቅም። ዓይኑ ትልልቅ ነው፣ ትንሽ ፈራ ያለ። ራሱ ባለቤቴ ከመጋባታችን በፊት የነበረውን ይመስላል፤ ሰዓሊው አብሮ አደጉ አይደል። እጄን እንዳነሳሁ ያየኛል። ቀስ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ግንዱን አስቀመጠ። ወደ እኔ ጠቆመ፣ ወደ ግንዱ ፊት ጠቆመ፣ ከዚያ መጥቶ ከኋላዬ ቆመ።

መንገዱ ያምራል። ሰዓሊውን ባገኘው ይቅርታ እጠይቀዋለሁ ብዬ አሰብኩ፤ ሠላሳ አንዱም ድንጋይ ልዩ ልዩ ነው። በየመታጠፊያው ቆሜ ወደ ኋላ እዞራለሁ፣ ባለቤቴ እንደ እንቦሳ እግሩ እየተወላገደ ይከተለኛል፣ ግራ ሲገባው እጁን ያነሳል፣ እጠብቀዋለሁ። አንድ ጊዜ ወደቅን፣ እሱም የእኔ ጥፋት ነው፣ ቸኮልኩ። በቀጣዩ ዐሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀብን። ግንዱን ወንዙ ላይ አጋደምነውና ተሻገርን።

ለስድስት ሃያ ጉዳይ ነበር። የመኝታ ቤቱ በር ተከፈተ። የሁለት ሰዓት ንግግር ይመጣል ብዬ ትራሱን ደገፍ አልኩ።

ባለቤቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። "ከኋላ እንደዚህ ነው እንዴ?" አለ።

"እንዴት?"

"ምንም አይታይም እኮ።"

"ጀርባ ይታያል።"

እጆቹን አየ። "ስንት ጊዜ ነው ያነሳሽው፣ እጅሽን?"

"ዛሬ ሰባት ጊዜ።"

"ከዛሬ በፊትስ?"

"አንድም ቀን።" የእሱን ዜሮ ልነግረው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። ያውቀዋል፣ ፊቱ ላይ አለ።

"ለግንዱ ብቻ ነበር ያነሳሽው?" አለኝ።

ለዚህ ጥያቄ ቢያንስ ዐሥር የሚያስቅ መልስ አለኝ። ሁለት ዓመት ሳጠራቅም ነው የኖርኩት።

"አይደለም" አልኩት። "ደክሞኛል። የራሴ የሆነ ነገር እፈልጋለሁ። በር እፈልጋለሁ።"

አልመለሰልኝም። ሰው ዝም ሲል እንዲህ እንደሆነ ረስቼው ነበር፤ እያሰበ ነበር። ከዚያ መተኮሻው ላይ ያለውን ኮምፒውተር በራሱ እጅ ወደ እኔ አዞረው።

"ላኪላቸው።"

"ተሻግረናል እኮ። እቀራለሁ ብዬሃለሁ።"

"ተሻግረናል" አለ። "ጨዋታው ሌላ ሰው ይፈልግለታል፣ ወይም ይቆያል። አንቺ ላኪላቸው።"

ይለምነኛል ብዬ ነበር፣ ልለመን ተዘጋጅቼ ነበር፣ እምቢ የምልበትን ቃል እንኳ መርጬ ነበር። አጠገቤ ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ። ለስድስት አምስት ጉዳይ ሲሆን ላክሁት። ሁለት ዓመት ሙሉ ልሂድ ልሂድ ሲለኝ የኖረ ልቤ፣ መቅረት ያማረው ያን ጊዜ ነው።